ሰው ያለው ቦታ

ስብሰባ በተከለከለበት ሰሞን ነው፤ ሸሕዲ ላይ ከሚኒባስ ስወርድ ወታደሮች ያዙኝ። ወንድሜን ልጠይቅ ነበር የሄድኩት። ከኪሴ የዩኒቨርሲቲ መታወቂያ ሲያገኙ አንዱ ወታደር፣ "ይኸው፣ ቀስቃሾቹ ከዚያ ነው የሚመጡት" አለ። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ ብል ጭራሽ ባሰብኝ። ለካ ቤተ መጻሕፍትም ሰው የሚሰበሰብበት ቦታ ነው።

ያስገቡኝ ሰሊጡ ተጭኖ ያለቀበት የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ነበር። አቧራው ጉሮሮ ይከረክራል። ሙቀቱን ቆላን የሚያውቅ ያውቀዋል። መስኮት የለም፤ ጣሪያው ላይ ካለች ቀዳዳ የሚወርድ ብርሃን የአንድ ሰው መቀመጫ ያህል መሬት ላይ ያርፋል።

እዚያች ብርሃን ላይ አንድ ወጣት ተቀምጧል። ሲያየኝ ሳቀ።

"ጋሼ፣ እርስዎንም አመጡዎት? 'ሰዓት ደርሷል፣ ውጡ' እያሉ ሲያባርሩን እንዳልነበር!"

የዚያው አገር፣ የሽንፋ ልጅ ነው፤ ተመራቂ ተማሪያችን። የመውጫ ፈተናው ደርሶበታል። የያዙት ከጓደኞቹ ጋር ዛፍ ሥር ሲያጠና ነው፣ ስብሰባ መስሏቸው። መጽሐፉን ስለወሰዱበት ያነበበውን እያስታወሰ በጣቱ አቧራው ላይ ይጽፋል፣ ያጠፋል። ብርሃኗ ስትሄድ አብሯት ይሄዳል።

"ላይብረሪ የገባሁ ነው የሚመስለኝ" አለኝ። "እዚህ ያደረሰኝ እሱ እኮ ነው፤ ዶርም ባነብ ኖሮ ድሮ ተባርሬ ነበር።"

ለአጨዳ ከጎጃም ወርደው አብረውን የታሰሩት የቀን ሠራተኞች ብርሃኗን ትተውለታል። አንዱ፣ "አጥና ወንድም ዓለም፣ ቀን እስኪያልፍ ያለፋል" ይለው ነበር።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ስሙ ተጠራ። ከአንገቱ ፎጣውን አውርዶ ብርሃኗ ላይ ዘረጋት። ተማሪዎቻችን ለሻይ ሲወጡ ወንበራቸውን እንዲህ ነው የሚይዙት።

"ጋሼ፣ ቦታዬን ያዙልኝ፤ መጣሁ" አለ።

አልመጣም። ብርሃኗ ፈቀቅ ባለች ቁጥር ያ "አጥና" ይለው የነበረው የጎጃሙ ሰው እየተነሣ ፎጣዋን ይስብላታል።

በማግሥቱ አዲስ እስረኞች አመጡና መጋዘኑ ጠበበ። ጠባቂው ፎጣዋን በጫማው ገፋ አደረገ።

"አንሡና ሰው ይቀመጥበት።"

ፈራሁ። ግን ተነሣሁ።

"ሰው አለው" አልኩት።

"የታለ?"

"ወስዳችሁታል።"

"ሰው አለው" አለ የጎጃሙም ሰው ከኋላዬ።

ጠባቂው ትክ ብሎ አየኝ። ዱላውን ጠበቅሁ፤ ፎጣዋን ትቶ ወጣ። እኔ እስክፈታ ድረስ እዚያ የተቀመጠ የለም። ልጁን አየሁት የሚል ሰው ግን እስካሁን አላገኘሁም።

አሁን ሥራዬ ላይ ነኝ። በመስኮት የገባ ብርሃን መሬት ላይ ካየሁ ዞሬ ነው የማልፈው፤ መርገጥ አልችልም። በቀደም አንድ መምህር ስለ ቤተ መጻሕፍት አጠቃቀምና ስለ ተማሪዎች ውጤት እያጠና ሊያማክረኝ መጣ። አዘውትረው የሚያነቡት የተሻለ ያመጣሉ አለኝ። እውነቱን ነው። አዘውትሮ ሲያነብ ከርሞ ፈተናው ላይ ያልተገኘውንስ ምን ታደርጉታላችሁ ስል ጠየቅሁት።

"እሱን 'ያቋረጠ' ብለን ከጥናቱ እናወጣዋለን።"

"አላቋረጠም!" አልኩት።

ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ፣ የሚያነቡት ተማሪዎች ሁሉ ቀና ብለው አዩኝ።