የተዝካሩ ዳቦና የአሳማው በርሜል

ያ ከተማ ጠዋት ጠዋት ጭጋግ ይውጠዋል። መስኮቱን ስከፍት ቤቱም ዛፉም የለም፤ ነጭ ነገር ብቻ። እንቅልፍ ሳይለቀኝ ደብረ ታቦር ያለሁ ይመስለኛል። ጭጋጉ ከጉና ተራራ ወርዶ በገሳይ በኩል የመጣ፣ ትንሽ ብቆይ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል የሚሰማኝ ይመስለኛል። ከዚያ ከታች የበርሜል ክዳን ይንኳኳል። ምሥራቅ ጀርመን መሆኔን የማውቀው ያኔ ነው።

በደርግ ጊዜ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረስነው መካከል ጥቂቶቻችን ለሙያ ትምህርት ወደዚያ ተልከን ነበር። የምንኖርበት ማደሪያ ግቢ ውስጥ በርሜሎች ተደርድረዋል። ወረቀት ለብቻ፣ ጠርሙስ ለብቻ፣ አመድ ለብቻ። አንዱ ላይ አሳማ ተሥሏል። የምግብ ትራፊ እዚያ ይገባል፤ መኪና መጥቶ ወደ እርባታው ይወስደዋል። ማደሪያውን የሚጠብቁት አሮጊት ያለቦታው የተጣለ ነገር ካዩ በእጃቸው አውጥተው ክፍላችን ድረስ ያመጡልናል።

ወረቀቱንና ጠርሙሱን ቶሎ ለመድኩ። ዳቦ ግን... ዳቦ ለአሳማ መጣል እጄ እምቢ አለኝ። እኛ ቤት ወድቆ የተገኘ ቁራሽ ተስሞ ከፍ ካለ ቦታ ይቀመጣል። ስለዚህ የደረቀውን ሁሉ መሳቢያዬ ውስጥ አጠራቅም ነበር። አብሮኝ የሚያድረው የጎረቤት ከተማ፣ የአንበሳሜ ልጅ፣ አገር ቤት ሳለ ዲያቆን የነበረ፣ ይስቅብኛል።

"አንተ፣ ጎተራ ከፈትክ እንዴ? የዚህ አገር አይጥ እኮ ይሉኝታ አታውቅም!"

አንድ ማለዳ ይኸው ልጅ ሁለት ያገራችንን ልጆች አስከትሎ ገባ። ኮታቸውን ለብሰዋል። አይስቁም። ሳይናገሩ ገባኝ፤ መርዶ በማለዳ ነው የሚመጣው። ታላቅ ወንድሜ በዘመተበት በሰሜን ሞቷል። ወሬውን ያመጣው ካገር ቤት አዲስ የደረሰ ተማሪ ነው። የት እንደተቀበረ አልነገሩኝም። እኔም... አልጠየቅሁም። ወንድሜን መጨረሻ ያየሁት ሊሸኘኝ መጥቶ፣ ደብረ ታቦር መናኸሪያ ውስጥ ከአውቶቡሴ መስኮት ሥር ቆሞ ነው። ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። ያን ቀንም ሸፍኖ ነበር።

"ተዝካሩን እናውጣለት" አለ የአንበሳሜው ልጅ።

ቄስ የለም፣ ጠላ የለም። ምስር ቀቀልን። ዳቦ ገዛን፤ በዛ አድርገን ገዛን፣ ተዝካር ላይ እጅ ማጠር ነውር ነውና። በሩን ዘጋንና ዲያቆን የነበረው ልጅ ያስታወሰውን የግዕዝ ጸሎት ዝቅ ባለ ድምፅ አደረሰ። ዓይኔን ስጨፍን ክፍሉ ሰፋ፣ ሰው ሞላበት፣ ሁሉም ነጠላ የለበሰ መሰለኝ። ስገልጥ አራት ነን። በኋላ አብረውን የሚኖሩ ቬትናሞችና ኩባዎች መጡ። ቁራሽ ቁራሽ ቀምሰው፣ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ።

ዳቦው ተረፈ። አገር ቤት ቢሆን ነዳያን ደጅ ላይ አሉ፤ የተዝካር ምግብ አያድርም። እዚህ አንድም ለማኝ አይቼ አላውቅም። ከተማውን በሐሳቤ ዞርኩት፤ ጭጋግ ብቻ።

አሮጊቷ ባልዲያቸውን ይዘው ገቡ። ጠረጴዛውን አዩና "ይኼ ለአሳማው ነው" ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

ከፊታቸው ቆምኩ። የወንድሜ ተዝካር ከአሳማ ገንዳ ሊገባ ነው። ተዝካር የሚለውን ቃል በእሳቸው ቋንቋ አላውቀውም። በቋንቋቸው አንቱታ ስላለ ግን ደስ ይለኝ ነበርና በአንቱታ ለመንኳቸው።

"እባክዎ፣ ይኼ የወንድሜ ነው።"

"ታዲያ ወንድምህ የታለ? ይምጣና ይውሰደዋ!"

 የአንበሳሜው ልጅ በተሰባበረ ጀርመንኛ መለሰላቸው። "ሞቷል። ይህን በእሱ ስም ድሃ ነው የሚበላው። ለአሳማ... አይሆንም።"

ባልዲውን መሬት አስቀመጡት። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ከዳቦው ቆርሰው ቀስ ብለው በሉ።

"ልጅ ነበር?"

"ታላቄ ነው።"

"ታላቅህም ልጅ ነው" አሉ።

ከዚያ ከቤታቸው በላይ ስለሚኖሩ አንዲት ሴት ነገሩን። የሴትየዋ ባልም ልጅም ከዓለም ጦርነቱ አልተመለሱም፤ እሳቸውም አርጅተው ደረጃ መውረድ አቅቷቸዋል። አሮጊቷ ዳቦውን ለእሳቸው በጋዜጣ ጠቅልለው ብብታቸው ሥር አደረጉና ወጡ። በመስኮት አየኋቸው። በርሜሎቹ አጠገብ ሲደርሱ ጭጋጉ ሸፈናቸው። ይለፉ፣ ይቁሙ፣ አላየሁም። የአሳማው በርሜል ክዳን ሲንኳኳ እሰማለሁ ብዬ ፈርቼ ጆሮዬን ደፈንኩ።

በማግስቱ ጋዜጣውን አጣጥፈው አመጡልኝ።

"ወረቀት ነው። ቦታውን ታውቃለህ" አሉኝ።

ደረጃው ላይ ቆሜ ገለጥኩት። ፍርፋሪ እንኳን አልነበረበትም፤ በጣት ተለቅሟል። ነፍስ ይማር አልኩና ከወረቀቶቹ ጋር ጨመርኩት።