ሙቀት የሚፈራው መስታወት

ባልደረባዬ ያዬኮ በጃፓን፣ ሱዋ ሐይቅ ዳር ባለው ፋብሪካችን ሃያ ሁለት ዓመት የሠራችው አንድ ሥራ ነው፤ ለስክሪን የሚሆን መስታወት በከፋይ ጨርቅ ማሸት፣ ያውም በአንድ አቅጣጫ ብቻ። ሁለት መስታወት ተደራርቦ በመሃሉ ያለው ስስ ክፍተት ፊደል የሚያወጣውን ፈሳሽ ሲጠጣ፣ ፈሳሹ የሚተኛው እሷ ባሸችበት አቅጣጫ ነው። ቤቷ እንኳ ጠረጴዛ ስትወለውል ከግራ ወደ ቀኝ እንጂ ስትመልስ አላየኋትም።

ፈሳሹ ችኮ ነው። በኤሌክትሪክ ወዲህ ካዞሩት፣ ኤሌክትሪኩ ቢቋረጥም እንደ ዞረ ይቀራል። ይህን የሚፈትነው የሥራ ባልደረባችን ሞሪሂኮ ነበር። አንድ ቀን ከምሳ በፊት በራሱ እጅ ጽሕፈት «መጣሁ፣ ጠብቁኝ» የሚል ቃል መስታወቱ ላይ አወጣና ሽቦውን ነቀለ፤ ስንት ቀን እንደሚቆይ ሊያይ። ከምሳ አልተመለሰም። ደረጃው ላይ ልቡ ቆመ። ጽሕፈቱ ግን አለ።

ስምንት ዓመት መስታወቱን የሚያነሳው አልተገኘም። በአጠገቡ ስናልፍ ድምፃችንን እንቀንስ ነበር። ክፍሉ ሊዘጋ ሲል ያዬኮ በጥጥ ጠቅልላ ለእናቱ ለእማማ ሳዎ ወሰደችላቸው።

«በጣትዎ እንዳይጫኑት። ከሙቀትም ይጠብቁት፤ ጽሕፈቱ ይጠፋል» አለቻቸው።

ክረምቱ ገብቶ ሐይቁ በረዶ ሲሠራ ልትጠይቃቸው ሄደች። በሩን ስትከፍት ውስጡ ከውጪው ይብሳል። አሮጊቷ ሦስት ካፖርት ደራርበው መስታወቱ ፊት ተቀምጠዋል፤ ከንፈራቸው ጠቁሯል። እንደ ወጉ ለሟች ልጃቸው ያቀረቡለት ሩዝ ድንጋይ ሆኗል።

«እማማ! ምድጃው ተበላሽቶ ነው?»

«ከሙቀት ይጠብቁት ያልሽው አንቺ አይደለሽ?»

«እኔ እኮ የፈላ ውሃ ዓይነቱን ማለቴ ነው! ምድጃ ምን ያደርገዋል?»

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ፣ መስታወት አሺ!»

«እሱም እንዲህ እያለ ነበር የሚያበሽቀኝ።»

እማማ ሳዎ ሊስቁ ሲሉ ሳል አቋረጣቸው።

«እሺ፣ ሌላ ክፍል ላስቀምጠውና ምድጃውን እዚህ ላንድደው።»

«ብቻውን?»

ፈሳሹ በስንት ዲግሪ ጽሕፈቱን እንደሚለቅ በቁጥር ያውቅ የነበረው ሞሪሂኮ ነው፤ ያዬኮ የምታውቀው ማሸት ብቻ ነው። እጃቸውን ስትይዘው ግን ከመስታወቱ ይልቅ የቀዘቀዘው እጃቸው ነበር።

«እማማ፣ ስምንት ዓመት የበጋውን ሐሩር ከእኛ ጋር አሳልፏል። እኛ በላብ ስንጠመቅ እሱ አንድ ፊደል አልጎደለበትም።»

«ልጄን ሁለቴ አልቀብርም፣ ያዬኮ።»

«እሱም እናቱን እንዲቀብር አላደርገውም» አለችና ምድጃውን ለኮሰች።

የመስኮቱ በረዶ መንጠባጠብ ጀመረ። እማማ ሳዎ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «አሁንስ ምን ይላል?» አሉ።

«ጠብቁኝ ይላል።»

«አሁንስ?»

«ያንኑ።»

እስኪመሽ ደጋግመው ጠየቋት። ያዬኮ ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው፤ እንደ ድሮው፣ መስታወቱ አጠገብ ያለን ይመስል። ዛሬም እዚያ ቤት ስትገባ መጀመሪያ የምታየው ምድጃው መንደዱን ነው። ጠፍቶ እንዳይሆን ስለምትሰጋ፣ ወደ ጽሕፈቱ ቀና ለማለት ጥቂት ጊዜ ይወስድባታል።