የጋሽ ቀስ አንገት

«ጋሽ ቀስ» የሚለውን ስም ያወጡለት የጎልፍ ክበቡ አባላት ናቸው። ዱላ የጨበጠ ሁሉ መጀመሪያ ከአፉ የሚሰማው ቃል «ቀስ» ነበርና። «ቀስ! ዱላው የት ይሄድብሃል? ሕፃን ይዘህ መንገድ እንደምታሻግር አድርገህ ያዘው። ብትለቀው ያመልጥሃል፣ ብታጠብቀው ያለቅሳል» ይላል።

ጉልበቱን ገትሮ የቆመውን ያላላዋል፤ ኳሱ ላይ የተንጠራራውን ግማሽ እርምጃ ያስጠጋዋል፤ ትከሻው የዞረበትን በሁለት ጣት ገፋ አድርጎ ይመልሰዋል። አንድ ሐኪም ነበሩ፤ ስንት ዓመት ሙሉ ኳሳቸው ወደ ቀኝ እየከነፈ ያበሸቃቸው። ጋሽ ቀስ አቋቋማቸውን አንዴ አየና፣ «ዶክተር፣ እግርዎ ወደ በሩ ነው፣ ዓይንዎ ወደ መስኮቱ። ኳሱ ማንን ይስማ?» አላቸው። በሦስተኛው ቀን ኳሱ ቀጥ ብሎ ሄደ። ሐኪሙ ከዚያ ወዲህ ለጋሽ ቀስ ያላቸው ፍቅር ልክ አልነበረውም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ግን ጋሽ ቀስ ራሱ አንድ ቀን እንኳ ሜዳው ላይ ተጫውቶ አያውቅም። ለሠራተኛ መጫወት ክልክል ነው። አሥራ ሁለት ዓመት የአባላትን ቦርሳ ተሸክሞ ሜዳውን ዞሯል፤ አሥራ አራት ዓመት ደግሞ መለማመጃው ጋ ቆሞ አስተምሯል። ሲያስተምርም ዱላውን ባዶ አየር ላይ እየወዘወዘ ነው። ያለ ኳስ ሲያሳይ ላየው ሰው እንከን አይወጣለትም።

ከዚያ ከበላይ አካል አንድ ደብዳቤ መጣ። ከእንግዲህ አሠልጣኝ ሁሉ ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ ፈቃድ የሚፈልግ ደግሞ ፈታኝ ፊት ቆሞ ኳሱን በሜዳው አሥራ ስምንት ቀዳዳዎች ሁሉ ከሰማንያ ስምንት ምት ባልበለጠ ከትቶ ይጨርስ። ያልቻለ አያስተምርም። የክበቡ ሥራ አስኪያጅ አነበበለትና፣ «ለአንተማ ቀላል ናት» አለው። ጋሽ ቀስም አመነው። እኔን እስከዛሬ የሚያበግነኝ ይህ ማመኑ ነው።

ለልምምድ ሦስት ወር ተፈቀደለት። በመጀመሪያው ጠዋት ኳስ አስቀምጦ፣ እግሩን አስተካክሎ መታ። ኳሱ ሣሩን እየላሰ ሃያ እርምጃ ሄዶ ቆመ። ደገመ፤ ያው ነው። አሥር ጊዜ መታ፣ አሥሩም ሣር ለሣር ሄዱ። ከኋላው ቆመው ያዩ የነበሩት ሐኪም አፍረው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጋሽ ቀስ፣ ይቅርታ አድርግልኝና... ኳሱን ሳትመታው ጭንቅላትህ ይነሳል» አሉት።

እሱም ወዲያው ገባው። የቦርሳ ተሸካሚ ሥራ መሸከም ብቻ መሰላችሁ? መቺው ይመታል፤ ኳሱ የት እንደወደቀ የሚያየው ተሸካሚው ነው። ኳስ ከጠፋ «ዓይንህ የት ነበር?» ተብሎ የዚያን ቀን ሥራውን ያጣል። አሥራ ሁለት ዓመት የጋሽ ቀስ አንገት የምቱን ድምፅ ሳይጠብቅ ቀና ማለት ተማረ። ይህንን ጥፋት ከስንቱ ሰው በአንድ ቃል ነቅሎታል! ከራሱ ላይ ግን ቢለው ቢሠራው አልነቀል አለው።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የምትሰፋውም እዚያው የሚኖሩበት ክፍል ውስጥ ነው። ምሳ ከበሉ በኋላ ጋሽ ቀስ በስፌት መኪናዋና በአልጋው መሀል ቆሞ የመጥረጊያ እንጨት ይወዘውዛል፤ የክር ማጠንጠኛ መሬት ላይ አስቀምጦ እሱን ይመታል። እዚያም ቀና ይላል። አንድ ቀን ሰለቻትና፣ ስፒሎቿን በከንፈሯ እንደያዘች ተነስታ መዳፏን አናቱ ላይ ጫነች።

«በል አሁን ምታ።»

መታ። እንጨቱ ሽው ብሎ አለፈ፣ ማጠንጠኛው ግድግዳውን ነረተው፣ ጭንቅላቱ ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም።

«እንግዲህ በቦርሳህ ከትተኸኝ ሂድ፣ ሌላ መላ የለውም» ብላ ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

ሦስቱን ወር ሙሉ እንዲህ ሆነ። በእጇ ሥር ሲሆን አያጠፋም፤ ሜዳ ሲወጣ አንገቱ እምቢ ይላል። ባርኔጣው ውስጥ ጠጠር ሰፍታ ከበድ አደረገችለት። ጭንቅላቱ ከነጠጠሩ ተነሳ።

የፈተናው ቀን ቦርሳውን ራሱ ተሸክሞ ወጣ። ፈታኟ ወጣት ሴት ነበረች፤ ሰው አክባሪ። ጋሽ ቀስ በየምቱ የሚስቱን መዳፍ አናቱ ላይ እያሰበ ይመታል። አንዳንዴ ይሳካለታል፣ አንዳንዴ አይሳካለትም። አሥራ ሰባተኛውን ቀዳዳ ሲጨርስ ሰማንያ ሦስት ምት ተቆጠረበት። አምስት ቀረው። ሥራ አስኪያጁና ሐኪሙ የመጨረሻው ቀዳዳ ጋ ወጥተው ይጠብቁታል።

ጉልበቱን ላላ አደረገ። ትከሻውን አየ፣ አያያዙን አየ። «ቀስ» አለ ለራሱ። ዱላውን ወደ ኋላ ወሰደ፣ አወረደውም፤ ልክ ኳሱን ሊነካ ሲል አንገቱ ቀና አለ።

ኳሱ ተንሸዋርሮ ጥሻው ውስጥ ገባ። የት እንደገባ ግን ከጋሽ ቀስ በቀር ያየ አልነበረም። ቀጥ ብሎ ሄደ፣ አንዱን ቁጥቋጦ በእጁ ገለጥ አደረገ፣ ኳሱም እዚያው ነበር። ፈታኟ ለጠፋ ኳስ በደንቡ የሚሰጠውን የፍለጋ ሰዓት ለመያዝ እንኳ አልደረሰችም።

«እንዴት አወቁት፣ አባቴ?»

«አየሁታ» አላት።

ቀዳዳውን በሰባት ምት ጨረሰው። ዘጠና ሆነ።

ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አይደለም። «ጋሽ ቀስ፣ ደንቡ የእኔ አይደለም። ያቺን ኳስ ስታወጣት ግን አይተናል። ጥሻ የገባ ኳስ የሚለቅምልን ሰው ያስፈልገናል» አለው። ሐኪሙ መሬት መሬቱን ያዩ ነበር። ጋሽ ቀስ «እሺ» አለ።

ቤቱ ሲደርስ በርጩማው ላይ ቁጭ አለ። ሚስቱ መኪናዋን አቆመች። ፊቱን አይታ ጨርሳለች። መጣችና ሦስት ወር እንደለመደችው መዳፏን አናቱ ላይ አሳረፈች። በኋላ እጇን አነሳችለት።

«በቃ፣ አሁን እንኳ ቀና በል» አለችው።

አንገቱ እምቢ አለ።