ሦስት አለቃ፣ አንድ እሺ

ስለ ሥራ አመራር ከእኔ በላይ የሰማ ሰው አዳማ ውስጥ ይኖራል ብዬ አላምንም። ተማርኩ አላልኩም፤ ሰማሁ ነው ያልኩት። የአንድ ሆቴል የአዳራሽ ኃላፊ ነበርኩ። የአዲስ አበባ መሥሪያ ቤት ሁሉ ሠራተኛውን ማሠልጠን ሲያምረው ወደ እኛ ይወርዳል። አንድ ሰሞን የጤናው፣ ሌላ ሰሞን የመንገዱ፣ ደግሞ የግብሩ ሰዎች ይመጣሉ፤ ርዕሱ ግን ያው ነው፤ ማቀድ፣ ማደራጀት፣ መምራት፣ መቆጣጠር። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ የማይክራፎኑን ባትሪ፣ የታሸገውን ውሃ፣ የሻይ እረፍቱን ሳምቡሳ እጠብቃለሁ። ሠልጣኙ ጠዋት አቴንዳንስ ይፈርማል፤ ከሻይ በኋላ ግማሹ ሶደሬ ፍል ውሃ ውስጥ ነው። ትምህርቱን እስከ መጨረሻው የምሰማው እኔ ነበርኩ፤ አበሉን የሚወስዱት እነሱ።

ከአሠልጣኞቹ ሁሉ ቶሎ ቶሎ የሚመላለሰውን ሁላችንም «ዶክተር» እንለው ነበር። ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር፤ እዚህ ግን አንቱታውን ለራሴ አስቀርቼዋለሁ። ጣቱን ወደ ላይ ይቀስርና «አንድ ሠራተኛ፣ አንድ አለቃ!» ይላል። ሠልጣኙን ዞር ዞር ብሎ ካየ በኋላ ይቀጥላል፤ «ሠራተኛን ሁለት ሰው ካዘዘው ሥራው መበላሸቱ አይቀርም። ሲበላሽ ደግሞ ጥፋቱ የሠራተኛው አይደለም፤ የድርጅቱ ነው።» ይህቺን ዓረፍተ ነገር በሰማሁ ቁጥር ልቤ ቅቤ ይጠጣ ነበር። ስለ እኔ የሚናገር ይመስለኝ ነበር።

እኔን ሁለት ሰው ቢያዘኝማ እልል ባልኩ። ሦስት ነበሩ። ሆቴሉ የአንድ ቤተሰብ ነው። ባለቤቱ ጋሼ በወጣትነታቸው ከአቦምሳ መጥተው፣ እህል ሲነግዱ ኖረው፣ ቤቱን ፎቅ በፎቅ የሠሩ ሰው ናቸው። ሚስታቸው እትዬ ወጥ ቤቱንና ሒሳቡን ይዘዋል። ልጃቸው ማናጀር ነው። አዲስ አበባ ማኔጅመንት ተምሮ ተመልሶ ቢሮው ግድግዳ ላይ የድርጅቱን መዋቅር በመስታወት አስገብቶ ሰቅሏል። ሥዕሉ ላይ ከእኔ ሳጥን የምትወጣው መስመር ቀጥ ብላ የልጁ ሳጥን ውስጥ ትገባለች፤ ሌላ መስመር የለኝም። ያማረ ሥዕል ነበር።

ተጣልተው አልነበረም። አንድ ማዕድ ይበላሉ፣ ለቅሶ አብረው ይሄዳሉ። የሥራ ነገር ሲነሳ ግን አባት ልጁን አይጠይቅም፤ አባት ነዋ። ልጅ የአባቱን ቃል አይመልስም፤ ልጅ ነዋ። እትዬ ደግሞ ጨዋ ስለሆኑ ሠራተኛ ፊት ከባላቸው ጋር አይከራከሩም። ስለዚህ ሁሉም ለየብቻ ለእኔ ይነግሩኛል። ቡፌ ሲሰናዳ እትዬ ጠጋ ብለው «ቀይ ወጡ ይቅር፣ አትክልት አብዢበት» ይሉኛል። እሺ። ጋሼ በጓሮ በር ብቅ ብለው «ሰው ቤቴ መጥቶ ሥጋ ሳይጠግብ እንዳይሄድ» ይላሉ። እሺ። ልጁ ስልኩን እያየ «ቡፌ ምናምን ተዪው፣ በሳህን ይቅረብ፣ ፕሮፌሽናል ይሁን» ይላል። እሺ። ከዚያ ማንም በጣም የማይከፋበትን መሀል መንገድ ፈልጌ አገኛለሁ። ደሞዝ ይከፈለኝ የነበረው ለዚህ ነው፤ ማይክራፎኑንማ ማንም ይጠብቀዋል።

ለምን «እትዬ ሌላ ብለዋል» አልልም ነበር? እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው እኛ አገር አላደገም። የባልን ቃል ለሚስት፣ የሚስትን ለባል ማመላለስ ትዳር ማፍረስ ነው። በዕድሜ የገፋን ሰው «ይጻፉልኝና ይፈርሙልኝ» ማለትም ስድብ ነው። እሺ ማለት ግን ያደግሁበት ነው።

አንድ ጊዜ ልጁን «በሳምንት አንድ ቀን ሦስታችሁም ተቀምጣችሁ ብትነጋገሩ፣ እኔም ቃሉን ከአንድ ሰው ብቀበል» አልኩት። «አሪፍ ሐሳብ ነው» አለኝ። «እንደውም የኦፕሬሽን ኃላፊ የሚል መደብ እንከፍታለን፤ አንቺ ትይዢዋለሽ።» ከዚያ ወዲህ ያቺን መደብ ስጠብቅ ኖርኩ። ልጄ ኩየራ ኮሌጅ ትማራለች፤ የምትማረው በእኔ ደሞዝ ነው፤ አባቷ ከሞተ ቆይቷል። እድገቱ ቢመጣ እንዳትጨርስ የሚያሰጋት ነገር አይኖርም ነበር። ሐሳቤ ሁሉ እሱ ላይ ነበር።

ከዚያ የዚያች ቅዳሜ ነገር መጣ። ዶክተር ሳምንቱን ሙሉ ትልቁ አዳራሽ ውስጥ ሲያሠለጥን ከርሞ መዝጊያው ቅዳሜ ነበር። ረቡዕ ጋሼ ጠሩኝ። «ኢንታላ ኮ» አሉኝ፤ በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው። «የወንድሜ ልጅ ቅዳሜ ታገባለች። ምሳውን ትልቁ አዳራሽ ነው የምናበላው። አቦምሳ ሁሉ ይመጣል፤ እንዳታዋርጂኝ ልጄ» አሉኝ። እሺ ጋሼ። ወዲያው እትዬ «ሥልጠናውን የሚነካ ሰው እንዳላይ፤ ደንበኛ አንዴ ከሄደ አይመለስም» አሉ። እሺ እትዬ። ልጁ «ሰርጉን ጓሮ ድንኳን ጥለሽ አስተናግጂው፤ እኔ ግን አልነገርኩሽም» አለ። እሺ።

ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። ሐሙስ ጠዋት እንደ ምንም ደፍሬ «ጋሼ፣ ስለ ቅዳሜው ከእትዬ ጋር ቢመካከሩስ?» አልኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁና «አንቺ ደግሞ የቤቴ ሽማግሌ ሆነሽ መጣሽ?» አሉኝ። አፈርኩ። ቀጥዬ ወደ ዶክተር ሄድኩ። «ቅዳሜ ከምሳ በፊት ቢጨርሱልኝ አዳራሹን ለሰርግ አሰናዳለሁ» አልኩት። «እሺ እህቴ፣ ምን ችግር አለ፣ ቀደም ብለን እንዘጋለን» አለኝ። ለማንኛውም ብዬ ጓሮውም ድንኳን አስጣልኩ።

ዶክተር ግን ማይክራፎን ከያዘ ማን ያስጥለዋል! ሻይ አለፈ፣ የምሳ ሰዓት ደረሰ፣ እሱ ይናገራል። ከበሩ ሆኜ እጄን አወዛወዝኩ፤ ፈገግ አለልኝ። ድንኳኑን ያ የአዳማ ንፋስ እያርገበገበ ወንበሩን አቧራ አልብሶታል። ዶክተር ጣቱን ቀስሮ «አንድ ሠራተኛ፣ አንድ...» ሲል የመኪና ጥሩምባ ሰፈሩን አናጋው። አቦምሳ ደረሰ። እልልታው ደረጃውን ወጥቶ አዳራሹ በር ላይ ቆመ። ሙሽራዋ ቬሎዋን ሰብስባ ግድግዳው ላይ የበራውን ጽሑፍ ታያለች፤ ሠልጣኞቹ ሙሽራዋን ያያሉ። ወደ ጓሮ ልመራቸው ስሞክር ጋሼ ከኋላ ደረሱ።

«ዘመዴን ጓሮ? በአቧራ?»

እትዬ ከወጥ ቤት ወጡ፣ ልጁ ከቢሮ ወረደ። በሥራ ጉዳይ ሦስቱንም አንድ ቦታ ቆመው ሳይ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። አሁንስ ይነጋገራሉ ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ጋሼ «አዳራሹን እሺ ብላኝ ነበር» አሉ። እትዬ «ለእኔም ሥልጠናውን አልነካም፣ እሺ ብላኛለች» አሉ። ልጁ «እኔንም እኮ እሺ ብላኛለች» አለ። ሁሉም እውነታቸውን ነው። ሦስቱም ዞረው አዩኝ። ለዓመታት የተመኘሁላቸውን ስምምነት ያን ቀን አገኙት፤ የተስማሙት በእኔ ላይ ነው። ዓይኔን ወደ ዶክተር ላክሁ። ቀደም ብለን እንዘጋለን ያለኝ እሱ ነው፣ ያቺን ዓረፍተ ነገሩን አንዴ ቢላት ይበቃኝ ነበር። ጎንበስ ብሎ የኮምፒውተሩን ገመድ ይጠቀልላል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚባለው ለካ እውነት ነው።

ደግሞ የጠፋ ነገር ቢኖር ምን አለ! ሠልጣኞቹ ፈርመው ደስ ብሏቸው ወጡ፤ የቀሩትም ከአቦምሳ ሰው ጋር ጥሬ ሥጋ ሲቆርጡ፣ ሲጨፍሩ ዋሉ። ሰርጉ ያማረ ነበር። ግን ሦስት የተከበሩ ሰዎች እንግዳ ፊት ተሳስተው ታይተዋል፤ ለዚያ አንድ ጥፋተኛ መገኘት ነበረበት።

ልጁ ዶክተርን «መዋቅራችንን አጥናልን» ብሎ ቀጠረው። ዶክተር እኔን በረንዳው ላይ አስቀምጦ ጠየቀኝ። ረጋ ብሎ «እህቴ» እያለ ሲያዳምጠኝ አንጀቴን በላው፤ ያለኝን ሁሉ አወጣሁት። ቡፌውን፣ ጋሼ ሽማግሌ ሆነሽ መጣሽ ያሉኝን፣ የተገባልኝን መደብ። «እርስዎ ራስዎ ጥፋቱ የሠራተኛው አይደለም ይሉ የለ?» አልኩት። «ግሩም ታዝበሻል» አለኝ። ማታ ለልጄ ደውዬ «እድገቱ ሳይመጣ አይቀርም» አልኳት። ደስታዋ በስልክ ይሰማ ነበር፤ አሁን ድረስ የሚያንገበግበኝ ያ ድምፅ ነው።

ጥናቱ የቀረበው በዚያው አዳራሽ ነው። ፕሮጀክተሩን የገጠምኩት እኔ ነኝ። አዲሱ መዋቅር በራ። ከላይ ሦስት ሳጥን፤ ለጋሼ አስተዳደር፣ ለእትዬ መስተንግዶ፣ ለልጁ ገበያ። ማንም እንዳይከፋው ሁሉም አለቃ ሆነዋል። ከሥር ከሥሩ እየሄድኩ የእኔን ሳጥን ፈለግሁ። ዶክተር የእንጨት ዘንጉን ባዶ ቦታ ላይ አሳርፎ «ትእዛዝ ሲምታታ የኖረው በዚህ መደብ ላይ ነው» አለ። «መደቡ ሲነሳ መምታታቱም አብሮ ይቆማል።» አጨበጨቡ። እኔ በሩ አጠገብ መለዋወጫ ባትሪ ይዤ ቆሜ ነበር። ተናደድኩ ብል ያንስብኛል። ያን ሰው ዘንጉን ነጥቄ እፊቱ ላይ ብሰብርለት እወድ ነበር። ባትሪውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና ወጣሁ።

ክፉዎች አይደሉም፤ ሽኝት አሰቡልኝ። ጋቢ ተገዝቶልኛል፤ ለአዳማ ሙቀት ጋቢ! እንግዲህ አዳራሽ የሚያሰናዳ ከእኔ ሌላ ማን አለ? ጠዋት ጋሼ ጠርተው «በግ ይታረድ፣ በባዶ አንሸኝሽም» አሉኝ። እትዬ በመተላለፊያው አቁመው «ኬክና ለስላሳ ይበቃል፣ ነገር አታብዢ» አሉኝ። ልጁ «አጭር ይሁን፣ ፎቶ ተነስተን እንበተን» አለ። ለሦስቱም እሺ አልኩ። ወንበሩን ደረደርኩ፣ የጠረጴዛ ልብሱን አነጠፍኩ፣ ማይክራፎኑን ሞከርኩ። ከዚያ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ መናኸሪያ ሄድኩና የሻሸመኔ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ኩየራ ወርጄ ነገሩን ለልጄ በአፌ ልነግራት ነው፤ በስልክ አልሆን አለኝ።

መቂ ሳንደርስ ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ናቸው። «ኢንታላ ኮ፣ ሰው ተቀምጦ ይጠብቅሻል፤ የት ነሽ?» ከኋላቸው የአዳራሹ ጫጫታ ይሰማል። «እሺ ጋሼ፣ መጣሁ» አልኩ። ወዲያው እትዬ ደወሉ፤ ያው ጫጫታ። «ኬኩ ሊቀልጥ ነው እኮ።» እሺ እትዬ፣ መጣሁ። ከዚያ ልጁ። «የት ደረስሽ? ሁሉም አንቺን ነው የሚጠብቀው።» እሺ፣ እየመጣሁ ነው። ሦስቱም ከፊት ወንበር ላይ ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት፤ ወንበሩን የደረደርኩት እኔ ነኝ። አንዳቸውም «እኔ ደውያለሁ፣ አትደውል» ብለው ለሌላው አልነገሩም።

ስልኩን አጠፋሁና፣ ልጄ «እድገቱ መጣ?» ስትለኝ የምመልስላትን ማሰብ ጀመርኩ።