የሐሙስ ጆንያዎች

የኔነሽ ሄርማታ ገበያ አፍ ላይ ገመድ፣ ሸራ፣ ማጭድና ባዶ ጆንያ መሸጥ ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል። አባቷ ለመንግሥት ሥራ ከመንዝ መጥተው ጅማ የቀሩ ጸሐፊ ነበሩ። ከእሳቸው የወረሰችው ነገር ቢኖር ወረቀት አለመጣል ነው።

ሱቋ ጠባብ ናት፤ ጓዳዋ ግን ሰፊ። ሐሙስ ሐሙስ ከሰቃ፣ ከማናና ከዴዶ የሚመጡ ሴቶች ጆንያቸውን እዚያ ያሳርፋሉ። ከበቆሎው ወይም ከዝንጅብሉ እየቀነሱ ገበያ ያወጣሉ፤ ሲመሽ የተረፋቸውን ተሸክመው ይሄዳሉ። ለማሳረፊያ ቤሳ አይከፍሉም፤ እሷም አትጠይቅም። ገመድ ሲፈልጉ ግን የሌላ ሰው ሱቅ አይረግጡም። የአደራው ሕግ አንድ ነው፦ የማይታወቅ ሰው «ይሄ የማን ነው?» ካለ «የኔ ነው» ይባላል። ሌባ ይሁን የገበያ ቀረጥ ሰብሳቢ፣ ባለቤቷ በሌለችበት ስሟ አይነሳም።

ይኸው ሕግ በ2009 ዓ.ም. ጉድ አፈላባት።

ሐሙስ ነበር። ሦስት ወጣቶች ወረቀት ይዘው ገቡና ጓዳውን አዩ። «ይሄ ሁሉ ጆንያ የማን ነው?» የኔነሽ ለአንድ ገበሬ ገመድ እየለካች ነበር፤ ቀና እንኳ ሳትል «የኔ ነዋ!» አለች። «ምዝገባ ነው» ሲሏት ፈረመች። ሄዱ።

ሐምሌ ላይ የምዝገባው ውጤት መጣ። «ገመድ ችርቻሮ፤ እህልና ቅመም ጅምላ። የቀን ገቢ ግምት፦ አራት ሺህ ስምንት መቶ ብር።» ወረቀቱን ሁለቴ አነበበችው። ከደረጃ ሐ ወደ ደረጃ ሀ አስፈንጥረዋታል። የሒሳብ መዝገብ ሊኖራት፣ የሽያጭ ማሽን ልትገዛ ነው። ግብሩን ደግሞ ሱቁ ከነመደርደሪያው ቢሸጥ አይሸፍነውም። ቅሬታ ለማቅረብ የተሰጣት አሥር ቀን ነው፤ ካለፈ ሱቁ አለቀለት።

ጎረቤቷ ፈለቀ፣ ጫማ ሻጩ፣ እሱም ተገምቶ ነበርና ሱቁን ዘግቶ በረንዳዋ ላይ ተቀምጧል።

«ዝጊ አንቺ ሴትዮ! ሁላችንም ስንዘጋ ያኔ ይሰማሉ።»

«ስዘጋ ገመዱን ማን ይሸጥልኛል? ቀበሌው?»

«ያን የቡና ማጠቢያ ያለውን ባለሀብት አላየሽም? ከሰርኩ ሲል ባንኩ ዕዳውን አራዘመለት። ትልቁ ሲከስር ይደግፉታል፤ ትንሹ ውሎ ሲገባ ይገምቱታል!»

«እሱ ወረቀት ይዞ ሄዶ ነው ያራዘሙለት። እኔም ይዤ እሄዳለሁ።»

«ይደግፉኛል ብለሽ?»

«ማን ደግፉኝ አለ? ግብር ይከፈላል፤ መንገዱ በምን ሊሠራ ነው? የሰው ጆንያ አይጫኑብኝ ነው የምለው።»

በማግስቱ የሃያ ሁለት ዓመት የግብር ደረሰኝ በፌስታል ይዛ ቅሬታ ሰሚው ቢሮ ገባች። የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ዋቅጅራ ትሁት ግን ደረቅ ሰው ነው። ደረሰኞቹን አንድ በአንድ አየና የምዝገባውን ቅጽ አወጣ።

«እናቴ፣ ጆንያው የኔ ነው ያሉት እርስዎ ነዎት። ፊርማዎም ይኸው። እኔ ምን ላድርግ?»

«አደራ ነው ጌታዬ። ለማያውቁት ሰው የኔ ነው ይባላል።»

«ሁሉም እንደዚያ ይላል።»

«እንግዲያው ሐሙስ ይምጡ። ጆንያ አይዋሽም።»

ዋቅጅራ ቀን መቁጠሪያውን አየ። ሐሙስ ሰባተኛው ቀን ነበር። «እመጣለሁ» አለ።

መጣም። ከሁለት የኮሚቴ አባላት ጋር ጓዳው ደጃፍ ቆመ። ሠላሳ ስድስት ጆንያ ተደርድሯል። ሴቶቹ ከገበያው ተጠርተው በር ላይ ተኮልኩለዋል። ዋቅጅራ አንዱን ጆንያ በእጁ መታ አደረገና «ይሄ የማን ነው?» አለ።

ሴቶቹ መሬት መሬት አዩ። ለማይታወቅ ሰው ባለቤቱን አትጥሩ ብላ ያስተማረቻቸው ሕግ በእሷው ላይ ዞረ። ፈለቀ ከኋላ «አበቃልሽ!» ብሎ አንሾካሾከ።

ነፊሳ አባ መጫ፣ ከሰቃ የምትመጣው የሁሉም ታላቅ፣ ጉሮሮዋን ጠረገች። «አዴ የኔነሽ፣ ሰውየው ቀረጥ ሊያስከፍለን ነው?»

«አይደለም አዴ ነፊሳ። የናንተ መሆኑን ካልተናገራችሁ እኔን ነው የሚያስከፍለኝ። ጓዳው ይዘጋል።»

ነፊሳ ወደ ዋቅጅራ ዞረች። «ወላሂ በል።»

አንደኛው የኮሚቴ አባል ሳቁ አመለጠው። ዋቅጅራ አልሳቀም። በኦሮምኛ «ከእናንተ አንድ ሳንቲም አልጠይቅም፣ ቃሌ ነው» አላት።

«ካን ኮቲ» አለች ነፊሳ፣ የኔ ነው። «አፉ በእንሰት ቃጫ ሁለት ዙር ታስሯል። ዝንጅብል ነው። ከላዩ የልጄን አሮጌ ሸሚዝ ጣል አድርጌበታለሁ፣ እንዳይደርቅ።»

ዋቅጅራ ራሱ ቋጠሮውን ፈታ። ቃጫው ሁለት ዙር ነው። ሸሚዙም አለ፣ ሰማያዊ። ዝንጅብሉም።

ሌላውን ነካ። «የኔ! በቀይ ጨርቅ የታሰረው፤ በቆሎ ነው፣ ከጎኑ ተቀዶ ተጥፏል!» ሦስተኛውን ሳይጠይቅ ሌላዋ ቀደመችው። ከዚያ በኋላ ማን ያቁማቸው! እየተጋፉ ገቡ፣ እየተሳሳቁ ጎተቱ፤ ጓዳው በሩብ ሰዓት ባዶ ሆነ። ጥግ ላይ የቀረው የኔነሽ ዕቃ ብቻ ነበር፦ አሥራ አንድ ጥቅል ገመድ፣ አራት ሸራ፣ አንድ እስር ባዶ ጆንያ።

ዋቅጅራ ባዶውን ጓዳ ትንሽ አየና እስክሪብቶውን አወጣ። «እሺ እናቴ፤ ታዲያ የቀን ገቢዎ ስንት ነው?»

ፈለቀ ክንዷን ቆነጠጣት፦ «ሁለት መቶ በይ!»

«ስድስት መቶ ሃምሳ» አለች የኔነሽ። «ሐሙስ ሁለት ሺህ እሸጣለሁ፣ ቅዳሜ ሰባት መቶ፣ ሌላው ቀን ሦስት ሦስት መቶ። እሑድ ዝግ ነኝ። ይደምሩት፤ ለስድስት ያካፍሉት።»

ሰውየው ደመረ፤ አካፈለ። ቀና ብሎ አያት። «በዚህ ወር ትክክለኛ ቁጥር የነገረኝ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት» አለና ጻፈ፦ ደረጃ ሐ፣ ስድስት መቶ ሃምሳ። ሌሎቹም ፈረሙ። በር ላይ የቆሙት ሴቶች እልል አሉ፤ የገበያው ሰው ሠርግ መስሎት አንገቱን አሰገገ።

ኮሚቴው እንደሄደ የኔነሽ ጠመኔ አነሳችና ጓዳው ወለል ላይ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ መስመር አሰመረች። «ከዚህ ወዲህ የኔ፤ ከዚያ ወዲያ አደራ። ገማች ከመጣ መስመሩን ያንብብ።»

ፈለቀ ራሱን እያከከ «አንቺ… ያን ደረሰኝሽን እንዴት ነው ያስቀመጥሽው?» አላት።

«በፌስታል። ያንተስ የት አለ?»

«ጫማ ጠቅልዬበት ሸጥኩት።»

ነፊሳ ከት ብላ ሳቀች። ዝንጅብሏን መልሳ አሰረች፣ ሁለት ዙር፤ ጎትታም ከመስመሩ ወዲያ አሳረፈችው። «እንግዲህ ጠብቂልኝ፣ ገበያው ገና ነው» ብላ ወጣች።