የኡስታዝ አምጀድ መኪና ለምን ትፈላለች?

ስለ ልጄ ሳወራ "ዘሊካ ጉራ ጀመረች" የሚሉ አሉ። ይበሉ! በግሪስ የተለወሰ ቱታዋን በየሳምንቱ እየፈተግሁ የማጥብ እኔ፣ ታዲያ እኔ ካልተኩራራሁባት ማን ሊኩራራባት ነው? በቱል ትባላለች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እዚህ ካርቱም፣ ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር መካኒክ ናት። አዎ፣ መካኒክ። ደንግጣችሁ ከጨረሳችሁ ልቀጥል።

እኔ የወሎ ልጅ ነኝ። አገሬን ከለቀቅሁ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። አል-ጣኢፍ፣ ደህና ደህና ሰዎች በሚኖሩበት ሰፈር፣ በኡስታዝ አምጀድ ቤት አበስላለሁ፣ አጸዳለሁ። ባሌ አዋድ የዚሁ አገር ሰው ነው፤ ከሐጅ ዩሱፍ ገበያ ጀርባ ወርሻ አለው፣ መኪና የሚጠግንበት። እጁ የተመሰከረለት ነበር። ወገቡ ከያዘው ወዲህ ግን ወንበር ላይ ተቀምጦ ማዘዝ ሆነ ሥራው፤ ከመኪና ሥር የምትገባው በቱል ናት። ደንበኛ ይመጣና ሻሽ ያሰረች ልጅ መፍቻ ይዛ ሲያይ "መካኒኩ የታለ?" ይላል። "እኔ ነኝ" ስትለው ይስቃል። አንዳንዱማ ሳቁን ሳይጨርስ መኪናውን አስነስቶ ይሄዳል፣ ዐይኑ ይፍሰስና! እንዲህ እንዲህ እያለ ወርሻው ጭር አለ።

አዋድም አንድ ቀን ተነሥቶ "ኢሃብ ለሚባለው የጎማ ነጋዴ ላከራየው ነው፣ ቅዳሜ ይረከበኛል" አለ። በቃ። ልጅቱን አላማከረ፣ እኔን አላማከረ።

በቱል አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ማታ አጠገቤ ተቀምጣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ "ዩማ፣ እናቴ፣ እኔ ከዚያ ሌላ ምንም አላውቅም። ምን ልሁን? እንዳንቺ የሰው ቤት ልጥረግ?" አለችኝ። አላመመኝም ብል ውሸት ነው፣ ወላሂ አመመኝ። ግን እውነቷን ነው፤ እኔ የጠረግሁት እሷ እንዳትጠርግ ነው። በማግስቱ ኡስታዝ ቤት ሥራ ገባሁ።

እዚያ ቤት አንዲት ቀይ መኪና አለች። ኡስታዝ በወጣትነታቸው የገዟት፣ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ጣሪያዋ ወደ ኋላ የሚታጠፍ የጀርመን ሥሪት ናት። ስፖርት መኪና ይሏታል። ከበቱል ትበልጣለች በዕድሜ፤ ቁመቷ ግን ከወገቤ አያልፍም። ምን ያደርጋል፣ ትፈላለች! ከበር ወጥታ ሁለት መንገድ ሳትሻገር እንፋሎቷን ትለቃለች። አንዱ መካኒክ ራዲያተር ቀየረላት፤ ፈላች። ሌላው ሁለተኛ ማራገቢያ ገጠመላት፤ ፈላች። ሦስተኛው የውሃ ፓምፑን ለወጠ፤ እሷ እቴ፣ ባሰባት። በዚያን ሰሞን ኡስታዝ ተስፋ ቆርጠው ለሚሸጥላቸው ሰው ሊሰጧት ነበር።

ቁርሳቸውን አቅርቤላቸው ቆምኩ። "ኡስታዝ፣ ልጄ ትያት" አልኳቸው።

"ዘሊካ፣ አዋድ ራሱ አይቷት የለም እንዴ? ከሁሉ በፊት ያያት እሱ ነው።"

"አዋድ አይቷታል። በቱል ግን አላየቻትም።"

ሳቁ። "ያላ፣ ትምጣ" አሉ። እኔም በልቤ፣ ይህችን መኪና ልጄ ካዳነቻት አል-ጣኢፍ ሁሉ ይሰማል፣ አዋድም ይሰማል አልኩ። ካላዳነቻት ደግሞ ቅዳሜ ቅርብ ናት።

ማክሰኞ ጠዋት በቱል የዕቃ ሳጥኗን በሪክሻ፣ አገሬ ባጃጅ በሚሉት፣ ጭና ከች አለች። እኔ ወዲያው መፍታት የምትጀምር መስሎኝ ነበር። እሷ እቴ! ሞተሩን አስነሥታ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። የሙቀቱ መርፌ ወደ ቀዩ ሲጠጋ ተነሥታ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ትዳስስ ጀመር። ኋላ "ዩማ፣ ነይ፣ እጅሽን እዚህ አድርጊ" አለችኝ። ራዲያተሩን ከታች ነካሁት።

"ይሄ እኮ ቀዝቃዛ ነው!"

"ሞተሩ እየፈላ ራዲያተሩ ለምን ይቀዘቅዛል?"

መካኒክ አይደለሁም፤ ግን ይህ አይጠፋኝም። የፈላው ውሃ ራዲያተሩ ጋ አይደርስም ማለት ነው። ሦስቱ ጎበዞች የሚያበርደውን ሲቀይሩ ከረሙ እንጂ፣ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ የጠየቀ የለም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላል ያገሬ ሰው።

ሞተሩን አጥፍታ፣ አብርዳ፣ ከላይ ያለችውን ትንሽ ክዳን ፈታች። ውስጧ ባዶ ነው።

እዚያ መቀመጥ የነበረባት ቴርሞስታት ናት። የሻይ ብርጭቆ አፍ የምታክል ናት፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን የውሃውን መንገድ ትዘጋለች፣ ሲሞቅ ትከፍታለች። ካርቱም ውስጥ ደግሞ አንድ ሕግ አለ፦ መካኒክ አዲስ መኪና ሲገባለት መጀመሪያ ይህችን አውጥቶ ይወረውራታል። "የብርድ አገር ዕቃ ናት፣ እኛን ምን ልታደርግልን? ውሃው እንደ ልቡ ይሂድ" ይላሉ። አዋድም እንዲሁ ነው የሚለው። በቱልም ከአባቷ ተምራ ስንቱን አውጥታ ጥላለች። ብዙው መኪና ችሎት ይሄዳል። የዚህች ሞተር ግን ለውሃው ሁለት መንገድ አለው፤ አንዱ ሞተሩን ብቻ የሚዞር አጭር መንገድ፣ አንዱ በራዲያተሩ የሚሄድ ረጅም መንገድ። እኛ አገር መስኖ ያየ ሰው ይገባዋል፤ የቅርቡን ቦይ ካልደፈንከው ውሃው የሩቁን ማሳ አያጠጣም።

"ማን ነው ያወጣት?" አልኩ፣ የማላውቅ ይመስል።

ኡስታዝ ናቸው የመለሱት፦ "አዋድ ነዋ። ያኔ ራዲያተሩ ተደፍኖ ነበር፣ ጠረገልኝ፣ ይህችንም አውጥቶ ጣላት። ከዚያ ወዲህ ጤና አላየሁም።"

በቱልን ወደ ኩሽና ጎትቼ አስገባኋትና "ስሚ" አልኳት፣ "ሌላ ፈልገሽ አስገቢ፣ አባትሽን ግን አትንገሪው። ወገቡን አጥቷል፣ ስሙን አታሳጪው።"

"ካልነገርኩት ነገም ከሌላ መኪና ቴርሞስታት ያስወጣኛል፣ ዩማ። እኔም እያወቅሁ አወጣለሁ።"

"ምን አለበት ለአንድ ጊዜ ዝም ብትዪ?"

"አልችልም።" አለቀ። ድርቅናዋ የማን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ረቡዕን ሙሉ ሱቅ ዐረቢ ገበያ ስትዞር ዋለች። ባለሱቆቹ ሁሉ ሳቁባት፤ ሰው ይህችን ይጥላል እንጂ ይገዛል እንዴ? ተውፊቅ የሚባል ሽማግሌ መለዋወጫ ሻጭ ብቻ መሰላል አስደግፎ ከላይኛው መደርደሪያ አቧራ የጠገበች ካርቶን አወረደላት። "እዚህ ከተማ ይህን የጠየቀኝ ሰው ትዝ አይለኝም" አላት። በቱል ግን የያዘችውን የሞተሩን ሥዕል እያስተያየች፣ ከታች ሁለተኛ ሳህን እንዳላት አረጋግጣ ነው የገዛቻት።

ሐሙስ ቤት ስገባ፣ አጃኢብ! የምስር ድስቴ ውሃ ሞልቶ ምድጃ ላይ ተጥዶ ያቺ ቴርሞስታት በሽቦ ተንጠልጥላ ውስጡ ገብታለች። "በምስር ድስቴ!" ብዬ ጮህኩ። የሰማኝ የለም። አዋድ ወንበሩን አስጠግቶ "ይህ መጫወቻ ምንድን ነው?" ይላታል።

"ያባ፣ ከኡስታዝ መኪና ያወጣሃት ናት። የምትፈላው በዚያ ምክንያት ነው።"

ዐይኑ ፈጠጠ። እኔ መካኒክ ስሆን አንቺ ገና አልተወለድሽም፣ ልታስተምሪኝ ነው፣ ያቺ መኪና ሞተሯ አርጅቷል፣ ያልተባለ ነገር የለም። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም እንደሚባለው ነው ነገሩ። በቱል እጇን አጣጥፋ ቆማ "ውሃው እስኪሞቅ ጠብቀኝ" ብቻ አለችው።

ውሃው ጢስ ጢስ ሲል ያቺ ነገር ተንቀሳቀሰች። የላይኛዋ ክዳን ቀስ ብላ ተከፈተች፤ በዚያው ቅጽበት የታችኛዋ ሳህን ወደ ታች ወረደች። "አየህ፣ ያባ? የላይኛዋ ወደ ራዲያተሩ ስትከፍት የታችኛዋ አጭሩን መንገድ ትደፍናለች። እሷን ስናወጣት የሚደፍነው ጠፋ።" ስናወጣት ነው ያለችው፣ ስታወጣት አላለችም። ልብ ብያለሁ።

አዋድ በዚያ ወገቡ ድስቱ ላይ አጎነበሰ። "አብርጅና ድገሚው" አለ። ደገመችው። "እንደገና።" ሦስት ጊዜ አየ። ከዚያ ተነሥቶ መኝታ ቤት ገባና በሩን ዘጋ። የሰው ፊት እንዲያ ሲጠወልግ አይቼ አላውቅም፤ ልጄን በዐይኔ ገላመጥኳት፣ እሷም ከንፈሯን ነክሳ ድስቴን ማጠብ ጀመረች።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ አል-ጣኢፍ ሄደን ገጠመቻት። ውሃውን ሞልታ፣ አየሩን አስወጥታ፣ እጇን ስትጠራርግ አዋድ ከበር ገባ። ማንም አልጠራውም፣ በሪክሻ ነው የመጣው። "ሰላም ዐለይኩም" አለና በሩን ከፍቶ ከሹፌሩ ወንበር ጎን ተቀመጠ። ኡስታዝም እስከ ወርሻው ነድታ እንድትፈትናት ቁልፉን ለበቱል ሰጧት። ለእኔና ለእሳቸው መቀመጫ የለ፤ ሪክሻ ያዝንና፣ ኡስታዝ አምጀድ ከምግብ አብሳያቸው ጎን እየተንገጫገጩ፣ ቀይዋን መኪና ተከተልን። ኧረ እኔን ያየ!

ፀሐዩ አናት ይበሳል። ድልድዩ ላይ መንገዱ ተዘጋ፤ መኪናው ሁሉ ተጣብቆ ቆመ። እዚህ ላይ ነው የምትፈላው ብዬ ጸሎቴን ጀመርኩ። ከፊታችን አንድ አውቶቡስ ፈልቶ እንፋሎቱን እየለቀቀ ቆመ፣ ሾፌሩ ጄሪካን ይዞ ወረደ። ቀይዋ ግን ዝም። ኡስታዝ ከሪክሻው አንገታቸውን አውጥተው "ጢስ አለ?" ይሉኛል፤ "ኢንሻአላህ የለም" እላለሁ። በቱል ኋላ እንደነገረችኝ፣ አዋድ ዐይኑን ከመርፌው አልነቀለም፤ መርፌው መሐል ላይ ቆሞ ንቅንቅ አላለም። ሐጅ ዩሱፍ ስንደርስ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ! እልልታዬን ወርሻው በር ላይ አቀለጥኩት፤ ገበያተኛው ሁሉ ዘሎ ወጣ። ኡስታዝ መኪናቸውን ራሳቸው እየነዱ ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

አዋድ ግን "ጎበዝ" እንኳ አላላትም። እራቱን በልቶ ተኛ። እኔ በንዴት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ይህ ሰው ልብ የለውም አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ኢሃብ ወርሻውን ሊለካ ሜትር ይዞ መጣ። አዋድ ወንበሩ ላይ ነው፣ ስልኩ ጆሮው ላይ፤ በእጁ ቆይ አለው። ኢሃብ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ "ከማን ጋር ነው የሚያወራው?" አለኝ።

"ከድሮ ደንበኞቹ ጋር። ከሱብሒ ሶላት ጀምሮ እየደወለ ነው፤ ይሄ ሰባተኛው ነው።"

"... አዎ፣ ያቺ ነጯ መኪናህ፣ እንደ ኡስታዝ አምጀድ ዓይነት ሞተር ያላት" ይላል አዋድ ድምፁን ከፍ አድርጎ። "ወላሂ እኔ ነኝ ያወጣሁት። ተሳስቼ ነው። ... የለም የለም፣ የምሠራልህ እኔ አይደለሁም፣ ልጄ ናት። ባሽሙሀንዲሳ፣ መሐንዲሷ በቱልን ብለህ ጠይቅ፣ ማንም ያሳይሃል። ዛሬ ካልተመቸህ ነገ ና። ነገ ካልተመቸህ በወሩ ና። እዚሁ ናት። ከርሞም እዚሁ ናት።"

ኢሃብ ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና "መብሩክ፣ እንኳን ደስ አለሽ" ብሎኝ ሄደ። በቱል ከአንድ መኪና ሥር ነበረች፤ የመፍቻዋ ድምፅ ቆሟል። ብጠራትም ብዙ ቆየች፤ ስታለቅስ አባቷ እንዲያያት አልፈለገችም።