በኅዳር ሚካኤል ያቃጠልሁት ስፖንጅ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ሚሌኒየሙ ሊገባ አሥር ወር ገደማ ሲቀረው፣ በኅዳር፣ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ነው። ዛሬም መጥረጊያ ባነሳሁ ቁጥር ትዝ ይለኝና ብቻዬን እስቃለሁ። ያን ሰሞን ግን ሳቅ የሚባል ነገር አልነበረም። በአደራ የተሰጠኝን ሰባት ነፍስ በገዛ እጄ ልጨርስ ነበር።

በመጀመሪያ አመሌን ልንገራችሁ። ጽዳት እወዳለሁ። መውደድ ብቻ አይደለም፣ ይዞኛል ብል ይሻላል። ባለቤቴ አያሌው «አንቺ እኮ ዝናቡንም ብትደርሺበት ታጥቢዋለሽ» ይለኛል። ሰው ቤቴ ገብቶ አቧራ አየ ከሚባል እኔ አፈር ልብላ። ይህን ካላወቃችሁ የሠራሁትን ሥራ አትረዱልኝም።

ግቢያችን ውስጥ አንዲት ክፍል እናከራያለን። በዚያ ዓመት የተከራያት ዮናስ የሚባል የላቦራቶሪ ባለሙያ ነበር። የሐዋሳ ልጅ ነው። እናትና አባቱ በልጅነቱ ሞተውበት አያቱ አሳደጉት፤ እሳቸውም ካረፉ ቆይተዋል። ጭምት ልጅ ነው፣ ድምፁ አይሰማም። ክፍሉ ውስጥ ከአልጋውና ከመጻሕፍቱ ሌላ ያለው ንብረት አንድ አኳሪየም፣ የመስታወት የዓሣ ገንዳ ነው። ሰባት ወርቃማ ዓሣዎች ነበሩት። ከአዲስ አበባ ድረስ በጄሪካን አድርጎ፣ አውቶቡስ ውስጥ ጭኑ ላይ አቅፎ ነው ያመጣቸው።

ኅዳር እንደገባ ለሦስት ሳምንት ሥልጠና ተላከ። አኳሪየሙን ወደ እኛ ሳሎን አዛወረና «እትዬ ሙሉ፣ አደራዎን» አለኝ። ምግብ በቀን አንዴ፣ በሁለት ጣት ቆንጠር አድርጎ ብቻ ነው። ማጣሪያው ውስጥ ያለው ስፖንጅ እንዳይነካ። ደግሞ አንዲት የጠብታ ጠርሙስና ቀጭን የመስታወት ቱቦ ትቶልኛል፤ ከውሃው በቱቦው ተቀድቶ ጠብታው ሲጨመርበት ቢጫ ከሆነ ደህና ነው፣ አረንጓዴ ከሆነ መርዝ አለበት ማለት ነው ብሎ አሳየኝ። እኔ እሺ፣ እሺ አልሁ። «አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ» ብዬም አጽናናሁት። ጆሮዬ የያዘው ግን የምግቡን ነገር ብቻ ነበር።

ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። እኔ የሚካኤል ማኅበርተኛ ነኝ፣ የዚያ ዓመት ተራ ደግሞ የእኔ ነበር። ቀኑም እንደምታውቁት ኅዳር የሚታጠንበት ነው፤ ቤቱ ይጠራረግና ጉድፉ ሁሉ በር ላይ ተከምሮ ይቃጠላል። ለእንደኔ ዓይነቷ ሴት ከዚህ የበለጠ በዓል የለም።

በማለዳ ተነሥቼ ከጣሪያ እስከ ወለል ስወለውል የማጣሪያውን ክዳን ከፈትሁት። አይ የእኔ ነገር! ስፖንጁ ቡናማ ሆኖ፣ አተላ የመሰለ ነገር ለብሶ፣ ሲነኩት ያሟልጫል። ይህን ጉድ ሳሎኔ ውስጥ አስቀምጬ ነው ማኅበርተኛ የምጠራው አልሁ። ዓሣዎቹን ባልዲ ውስጥ አቆየሁና ስፖንጁን አውጥቼ በር ላይ ከጉድፉ ጋር አቃጠልሁት። እርጥብ ስለነበር እንቢ ሲለኝ ጋዝ አርከፈከፍሁበት። ከአሮጌ ፍራሽ አዲስ ቆርጬ ተካሁ። ከገንዳው ሥር የተነጠፈውን ጠጠር በበረኪና ፈትጌ አለቀለቅሁት። ገንዳውን በቧንቧ ውሃ ሞልቼ ዓሣዎቹን መለስሁ፣ ውሃው እንደ ጠበል ጠራ። ወገቤን ይዤ ቆሜ አየሁት፣ ደስ አለኝ።

ማኅበርተኛው ገብቶ ጸበል ጻዲቁ ሲቀመስ የሁሉም ዓይን ዓሣዎቹ ላይ ሆነ። በእኛ አገር ደግሞ አንዱ እየበላ ሌላው ቆሞ ሊያይ አይችልም። አንዷ «እነዚህስ አልተጠሩም እንዴ?» አለችና ከዳቦው ቆርሳ ጣለችላቸው። ሌላዋ፣ አንድ ጉርሻ ያጣላል ብላ ደገመችላቸው። የንስሐ አባታችንም «ፍጥረት ናቸው» ብለው ባርከው ፈረፈሩላቸው። ዓሣዎቹም ምን በወጣቸው፣ ሲጎርሱ ዋሉ። የተረፈው ፍርፋሪ ጠጠሩ ውስጥ ገባ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ የነቢያት ጾም በሚገባበት ዕለት፣ ሳሎን ስገባ ውሃው አጓት መስሎ ደፍርሷል። ዓሣዎቹ ከላይ ተሰብስበው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይገጥማሉ። አንዱ በጎኑ ተንሳፍፏል። በማንኪያ ነካሁት፣ አልተንቀሳቀሰም። ጎረቤቴ የሺ ሮጣ መጥታ አየችና ዓይን ነው፣ ማኅበሩ ላይ ዓይን በላቸው ብላ ፈረደች። አያሌው ግን ጠብታውን አስታወሰኝ። ቱቦው ውስጥ ብናንጠባጥበው እንደ ክረምት ሣር አረንጓዴ ሆነ።

ለዮናስ ልደውል ስልኩን አነሣሁና ምን እለዋለሁ ብዬ መልሼ አስቀመጥሁት። ያ ልጅ በዚህች ዓለም የእኔ የሚለው እነሱን ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ አንዱን ገድዬ ስድስቱን ልጨምር ነው። መናኸሪያው አጠገብ ያለ አንድ ሆቴል መግቢያ ላይ በመስታወት ገንዳ ውስጥ ዓሣ ማየቴ ትዝ አለኝ። እንደ ለቀስተኛ ነጠላዬን እያንዘላዘልሁ በረርሁ።

ዓሣዎቹን የሚንከባከቡት ጋሽ ደምሴ የሚባሉ የሸበቱ አስተናጋጅ ናቸው አሉኝ። አላውቃቸውም፣ አያውቁኝም። ትሪያቸውን እንደያዙ ቆመው ሰሙኝ። ይስቁብኛል ብዬ ነበር፣ አልሳቁም። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«አሮጌው ስፖንጅ የት አለ?»

«አቃጠልሁት።»

ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። ከዚያ አስቀምጠው አስረዱኝ። ዓሣ የሚሸናውም፣ ሳይበላው የቀረው ምግብም እዚያው ውሃ ውስጥ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይሆናል። ያን መርዝ እየበሉ ውሃውን የሚያድኑት ዓይን የማያያቸው ባክቴሪያዎች ናቸው፤ መኖሪያቸውም ያ የሚያሟልጨው ስፖንጅና ጠጠሩ ነው። እኔ ግማሹን አቃጥዬ ግማሹን በበረኪና ፈጀኋቸው፣ በላዩ ድግስ ደገስሁበት።

«አንቺ ቆሻሻ ያልሽው እርሾውን ነው፣ እህቴ» አሉኝ። «ቤትሽ እርሾ ሲጠፋ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ከጎረቤት እዋሳለሁ።»

«በይ ተነሺ።»

መቀስ አመጡና የራሳቸውን ስፖንጅ ከማጣሪያው አውጥተው ለሁለት ቆረጡት። ግማሹን ከነውሃው በፌስታል ቋጠሩልኝ። የእኔስ ዓሣዎች አላሉም። ያደረ ውሃ በጄሪካን ጨመሩልኝና፣ የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው በባልዲ ሳያድር እንዳላስገባ፣ በየቀኑ ከገንዳው ሩቡን ብቻ እንድለውጥ፣ ለአራት ቀን ደግሞ አንዲት ፍርፋሪ እንዳላቀምሳቸው አዘዙኝ። እጃቸውን ልስም ስል ፌስታሉ እንዳይቀዘቅዝ ሩጪ ብለው ገፉኝ።

እንዲህ ሆኖ ዓሣዎቹም ከእኛው ጋር ጾም ገቡ። ችግሩ ጾማቸውን የሚያስፈታ መብዛቱ ነው። የሺ በመጣች ቁጥር አንጀቷ አይችልም፣ ቆሎ ሳይቀር ልትጥልላቸው ታባብለኛለች። በመጨረሻ ገንዳውን በጋቢ ሸፈንሁት። አያሌው «እነሱ እንኳ በአራት ቀን ይፈታሉ፣ እኛ ነን እስከ ገና» እያለ ይቀልድብኛል። እኔ ግን ጠዋት ጠዋት ቱቦዋን ይዤ መስኮት ላይ እቆማለሁ። አረንጓዴው ቀስ በቀስ እየሳሳ ሄደ። በዘጠነኛው ቀን ጥርት ያለ ቢጫ ሲሆን እልል አልሁ፣ የሺ ከጓሮ ደንግጣ መጣች። ስድስቱም ተርፈዋል።

የቀረው የሰባተኛው ጉዳይ ነው። የሺ፣ አርጅቶ ሞተ በይው አለችኝ። አያሌውም ነገሩን ቀለል አድርጎ፣ ዓሣ ሲሞት ምስክር አይቆምም አለ። እኔም ስመዝነው ደህና ሐሳብ ሆኖ ታየኝ። ሳህን እያጠብሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ለራሴ አልሁት፣ አፌ ላይ ለመደ።

ዮናስ ሥልጠናውን ጨርሶ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጣ። እንዴት ከረሙ ብሎ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ሲል አቀፍሁት። ሻንጣውን እንኳ ሳያስቀምጥ ገንዳው ፊት ተቀመጠና በጣቱ ቆጠረ። እንደገና ቆጠረ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

አፌን ከፈትሁ። የወጣው ግን ሌላ ነው። ስፖንጁን፣ ጋዙን፣ በረኪናውን፣ የአባን ፍርፋሪ ሳይቀር ዘከዘክሁት። እንባዬም መጣ። አያሌው ጣሪያ ጣሪያ ያያል። ዮናስ ጨርሶ ሰማኝ፣ ስድስቱ እንዴት እንደተረፉ ጠየቀኝ፣ ነገርሁት። ቱቦዋን ወስዶ ውሃውን መረመረ። ከዚያ «እሺ እትዬ» ብሎ ክፍሉ ገባ። በቃ፣ ቤታችንን ሊለቅ ነው ብዬ ደመደምሁ።

በማግሥቱ እሑድ ነበር። ከቅዳሴ መልስ ዮናስ ኮቱን ለብሶ ቤታችን መጣና ሁለታችሁም ተቀመጡልኝ አለ። ይኸው፣ ክፍሏን ሊመልስ ነው አልሁ በሆዴ። መሬት መሬት እያየ ነገሩን ጀመረ። ይጁቤ ከተማ ያሉ ደህና ሰዎች ልጅ እንደወደደ፣ እሷም እንደወደደችው፣ ቤተሰቦቿ ግን ሽማግሌ ላክ እንዳሉት ነገረን። የሚልከው ሰው የለውም። ጋሽ አያሌው ሽማግሌ ይሁኑልኝ፣ እርስዎ ደግሞ በእናቴ ቦታ ይቁሙልኝ አለኝ።

ደነገጥሁ። «ዮናስ፣ እኔ እኮ ዓሣ መጠበቅ ያቃተኝ ሴት ነኝ» አልሁት።

ያን ጊዜ ቀና ብሎ ፈገግ አለ። «እትዬ ሙሉ፣ አርጅቶ ሞተ ቢሉኝ አምንዎት ነበር።»

አያሌው ከሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች ጋር ይጁቤ ሄዶ ልጅቱን አስፈቅዶ ተመለሰ። በሠርጉ ዕለት እኔ የሙሽራው እናት ሆኜ ተቀመጥሁ፤ ሙሽራዋ ጉልበቴን ስትስም የሆንሁትን መሆን እኔ ነኝ የማውቀው። ዛሬ ሁለት ልጆች አሏቸው፣ አያቴ ነው የሚሉኝ።

ስፖንጅ ማቃጠሌን ሳስበው ያስቀኛል። ያ ሳህን እያጠብሁ የተለማመድሁት ቃል ግን እስከ ዛሬ ያስደነግጠኛል። ከእነዚህ ልጆች ጋር ሳልተዋወቅ ለመቅረት የቀረኝ እኮ እሱን ቃል ማለት ብቻ ነበር።